የአንድ ተማሪ ሩጫና ሰንበት፤ በኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለወጣቶች የተደረገ ንግግር



የዚህን በዓል ስም ሁሉም ሲጠራው እሰማለሁ፤ ነገር ግን ኢዮቤልዩ ማለት በመጀመሪያ ምን እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ የሚመጣው 50ኛው ዓመት ምድር የምታርፍበት፥ ባሪያ አርነት የሚወጣበት፥ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ የሚመለስበት ዓመት ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ከሰንበት የተወለደ በዓል ነው። ስለዚህ በዛሬው ቀን ለወጣቶች ንግግር አድርግ ተብዬ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ስለ ሰንበት ሲል ታላቅ ክብርን ያሳለፈ አንድ ተማሪ ሯጭ ትዝ አለኝ፤ የእርሱንም ታሪክ ልነግራችሁ መረጥሁ።

የመረጥሁበት ምክንያት ሌላም አለ። ወጣቶቻችን ዘወትር የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ። ትምህርቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ የኳሱና የሩጫው ልምምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎትና የተቸገረውን መርዳት ጊዜ ይፈልጋል፤ በቤትም የታመመች እናት ወይም የሚጠበቁ ታናናሾች አሉ። ሰው አራቱን በሁለት እጁ እንዴት ይይዛል? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከምክር ይልቅ የሰው ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ሰውየው ኤሪክ ሊድል ይባላል። በሃይማኖት ሥርዓት ከእኛ የተለየ፥ የስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ነበረ። ይህንን አስቀድሜ መናገሬ በኋላ የማንም ልብ እንዳይታወክ ነው። ጌታችን ስለ ባልንጀራ ፍቅር ሲያስተምር ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ካህኑንም ሌዋዊውንም ሳይሆን ሳምራዊውን መሆኑን ታስታውሳላችሁ።

ኤሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 16 ቀን 1902 ዓ.ም. በቻይና አገር፥ ያን ጊዜ ቲየንትሲን ዛሬ ቲያንጂን በምትባለው ከተማ ተወለደ። አባቱና እናቱ ለወንጌል ስብከት ከስኮትላንድ ወደዚያ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ስድስት ዓመት ሲሆነው፥ ስምንት ዓመት ከሆነው ከወንድሙ ከሮበርት ጋራ፥ በእንግሊዝ አገር ለሚሲዮናውያን ልጆች በተሠራ አዳሪ ትምህርት ቤት ተተወ። ወላጆቹ ታናሽ እኅቱን ጄኒን ይዘው ወደ ቻይና ተመለሱ። ሁለቱ ሕፃናት በዚያ ትምህርት ቤት ባሳለፉት ዘመን ሁሉ ከወላጆቻቸው ጋራ የተገናኙት እነዚያ ለዕረፍት ወደ አገራቸው በመጡ ጊዜ፥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በቀረው ዘመን እናት ማለት ለእነርሱ በመርከብ ተጭኖ ከብዙ ሳምንት በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ ነበረች።

የሰውየውን ታሪክ የጻፉት ሁሉ ይህንን በጥቂት መስመር አልፈው ወደ ሩጫው ይቸኩላሉ። እኔ ግን ከዚህ ላይ መቆም እወዳለሁ፤ ምክንያቱም አሁን ከፊቴ ከተቀመጣችሁት መካከል እናቱ በቤይሩት ወይም በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምታገለግል፥ እርሱም ከአያቱ ጋራ የሚያድግ ልጅ እንዳለ ስለማውቅ ነው። የእነዚያ ወላጆች መሄድና የእነዚህ እናቶች መሄድ ምክንያቱ አንድ አይደለም። እነዚያን የላካቸው የሃይማኖት ጥሪ ነው፤ እነዚህን የላካቸው የእንጀራ ነገር ነው። ለሚቀረው ልጅ ግን ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ዛሬ ድምፅ በስልክ ቶሎ ይደርሳል፤ እጅ ግን አይደርስም። ስለዚህ ሌላው ሰው ይህ ሯጭ ከምን ተነሥቶ እንደ ሮጠ ሲጠይቅ እነዚህ ልጆች ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ሮበርት በሁለት ዓመት ብቻ ቢበልጠውም እንደ አባት ሆነለት። በትምህርት ቤቱ ሁለቱም በጨዋታ የታወቁ ሆኑ፤ ኤሪክም የትምህርት ቤቱ የክሪኬትና የራግቢ ቡድን አለቃ ለመሆን በቃ። ራግቢ የሚባለው ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ እየተጋፉ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። በ1920 ዓ.ም. ወንድሙ ሕክምና ወደሚማርበት ወደ ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ለአገሩ ለስኮትላንድ ራግቢ ተሰልፎ ተጫወተ፤ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ተሰልፏል። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን በተደረገው የእንግሊዝ አገር ውድድር 100 ያርዱን፥ ማለት ከ91 ሜትር ጥቂት የሚበልጠውን ርቀት፥ በ9.7 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ፤ 220 ያርዱንም እንዲሁ።

አሯሯጡ ለዓይን የማያምር ነበር ይባላል። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፥ አፉን ከፍቶ፥ ክንዱን እያወናጨፈ ይሮጥ ነበርና አሠልጣኞች ሁሉ ይገረሙበት ነበር። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ተወዳዳሪዎቹን አንድ በአንድ እየዞረ መጨበጥ ልማዱ ነበር። በዚያው በ1923 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ስቶክ በምትባል ከተማ በ440 ያርድ ሩጫ ገና ጥቂት እርምጃ እንደ ተራመደ ሌላ ሯጭ ገፍቶት ከመሬት ወደቀ። ሌሎቹ ወደ 20 ያርድ ያህል ቀደሙት። ተነሥቶ ተከተላቸውና ከሁሉ ቀድሞ ገባ፤ ገብቶም እንደ ገና ወደቀ። ይህንን የነገርኋችሁ ለማስደነቅ ብቻ አይደለም፤ ለመውደቁ ፍርድ እስኪሰጥለት ድረስ ተኝቶ ያልጠበቀ መሆኑን እንድታስተውሉ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲናገሩ «ሚዛን መጠበቅ» ይላሉ፤ ሁለቱ የሚዛን ሳሕን እኩል እንዲሆን አድርጎ መኖር ማለታቸው ነው። የዚህ ተማሪ ሕይወት ግን እንዲህ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. የአገሩ ሕዝብ በራግቢ ሲያጨበጭብለት ሳለ ራግቢውን ተወ፤ ትምህርቱና ሩጫው ከእርሱ ጋራ አይሄዱምና። ሁሉን ልያዝ ያለ ሰው አንዱንም አጥብቆ አይዝም። ከእናንተ መካከል በሦስት ቡድን የሚጫወት፥ በሁለት ማኅበር የሚዘምር፥ ለፈተና ግን ሌሊት ብቻ የሚያነብ ካለ ይህንን ነገር ልብ ይበል።

አንዱን ጨዋታ በተወበት ዓመት ግን ሌላ ሸክም ጨመረ። ቶምሶን የተባለ የሃይማኖት ተማሪ ከጓደኞቹ ጋራ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ወደሚኖሩባቸው ከተሞች እየሄደ ወንጌል ይሰብክ ነበር። ወንዶቹ ሠራተኞች ግን ወደ ጉባኤው አይመጡም ነበር። ቶምሶን «የታወቀው ተጫዋች ቢናገር ይመጣሉ» ብሎ አሰበና ኤሪክን ለመነው። እርሱ በሰዎች ፊት መናገር የማይወድ፥ ዓይን አፋር ሰው ነበር። ቢሆንም እሺ አለ። በሚያዝያ ወር 1923 ዓ.ም. አርማዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ወደ 80 ለሚሆኑ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ድምፁን ሳያነሣ፥ ሳይፎክር፥ የሚያምነውን በቀላል ቃል ነገራቸው። በዚያው ሰሞን ከቻይና ከእኅቱ ከጄኒ ደብዳቤ ደረሰው፤ በውስጡም ከትንቢተ ኢሳይያስ ከ41ኛው ምዕራፍ አሥረኛው ቁጥር ተጽፎበት ነበር ይባላል። ጥቅሱን ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንብቡት። እኅቲቱ ይህንን የጻፈችው ወንድሟ ሊናገር መሆኑን ሳታውቅ ከብዙ ሳምንት አስቀድማ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደየከተማው እየሄደ መናገር ሥራው ሆነ። ሕዝቡ የሚመጣው ሯጩን ለማየት ነበር፤ እርሱ ግን ስለ ሩጫ ጥቂት ብቻ ይነግራቸው ነበር። ዝናውን እንደ ደወል አድርጎ ተጠቀመበት ለማለት ይቻላል፤ ደወል ሰውን ወደ ቅዳሴ ይጠራል እንጂ ራሱ አይቀድስም።

አሁን ወደ ታወቀው ነገር ደረስን። በ1924 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ጨዋታ በፓሪስ ተደረገ። ልዑል ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን የጎበኙት በዚያው ዓመት ነበር፤ አገራችን በኦሎምፒክ ለመሰለፍ ግን እስከ 1956 ዓ.ም. እስከ ሜልቦርን ጨዋታ ድረስ ትቆያለች። ሊድል በ100 ሜትር ያሸንፋል ተብሎ ብሪታንያ ሁሉ ተስፋ አድርጎበት ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ማጣሪያ ሐምሌ 6 ቀን፥ እሑድ ላይ ዋለ። እርሱም በእሑድ አልሮጥም አለ። አራት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚሮጡበትም ውድድር እሑድ ስለሚነካ እርሱንም ተወ።

በ1981 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር የተሠራው «የእሳት ሠረገሎች» የተባለው ሲኒማ ወሬውን የሰማው መርከብ ላይ ሲሳፈር እንደ ሆነ አድርጎ ያሳያል። ሲኒማው መልካም ነው፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። የውድድሩን ቀን ያወቀው ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ ውሳኔውንም ያን ጊዜ በቤቱ ሳለ ወስኗል። ይህ ልዩነት ትንሽ አይምሰላችሁ። ሰው በጭብጨባ መካከል፥ ባንዲራው ሲውለበለብ፥ አለቆቹ ሲለምኑት እውነተኛ ውሳኔ መወሰን ይቸግረዋል። ይህ ተማሪ አስቀድሞ የወሰነ በመሆኑ የቀሩትን ወራት በክርክር አላጠፋቸውም፤ እሑድ በማይነካው በ400 ሜትር ልምምድ አሳለፋቸው። ለአገሩ ክብር አያስብም ብለው የነቀፉት ጥቂቶች አልነበሩም፤ ለእነርሱ የመለሰው ብዙ ቃል ግን አልተሰማም።

በእኛ አገር ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባውም። አባታችን ኤዎስጣቴዎስ ስለ ሰንበት ክብር ሲከራከሩ አገራቸውን ትተው ተሰደው በአርመን አገር ዐርፈዋል፤ ክርክሩም ከብዙ ዘመን በኋላ በ1450 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተፈጽሟል። ስለ አንድ ቀን ክብር አገሩን የተወ አባት ያለን ሰዎች፥ ስለ አንድ ቀን ክብር ሜዳይ የተወውን ወጣት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የእኛ ልጆች የኳስ ግጥሚያ ግን በቅዳሴ ሰዓት ሲደረግ ዝም የምንል እኛው ነን። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

100 ሜትሩን የአገሩ ሰው ሃሮልድ አብርሃምስ አሸነፈ። ሊድል ሐምሌ 9 ቀን በ200 ሜትር ሦስተኛ ወጣ። 400 ሜትሩን ያሸንፋል ብሎ የጠበቀ ብዙ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በዚህ ርቀት ያስመዘገበው ከሁሉ የተሻለ ሰዓት 49.6 ሴኮንድ ነበር፤ አሜሪካዊው ፊች ግን በግማሽ ፍጻሜው 47.8 ሮጦ ነበር። ሐምሌ 11 ቀን ከመሮጡ በፊት ከቡድኑ ወጌሾች የተላከ ወረቀት ተሰጠው፤ በወረቀቱም መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ2ኛው ምዕራፍ በ30ኛው ቁጥር የሚናገረው ቃል ነበረበት። በውጪኛው መሥመር ተሰልፎ፥ ማንንም ከፊቱ ሳያይ፥ ከመነሻው ጀምሮ እንደ አጭር ርቀት በሙሉ ኃይሉ ሮጠ። በ47.6 ሴኮንድ አንደኛ ገባ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው አይተርከውም፤ እኔ ግን ከወርቁ ይልቅ ደስ ይለኛል። ሐምሌ 17 ቀን፥ ከሩጫው ስድስት ቀን ብቻ በኋላ፥ ኤሪክ ሊድል በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ቆሞ የሳይንስ ዲግሪውን ተቀበለ። የዩኒቨርሲቲው አለቃ እንደ ጥንት ግሪኮች ልማድ የቅጠል አክሊል ደፋለት፤ ተማሪዎቹም በትከሻቸው ተሸክመው በከተማው አዞሩት። በዚያ ዓመት የሮጠው፥ የሰበከው፥ ቤተ ሰቡን በናፍቆት የጠበቀው ልጅ ፈተናውንም አልፎ ነበር። በእኛ ዘንድ ልጁ በኳስ ሲታወቅ ትምህርቱን እንዲተው የሚመክሩት አሉ፤ ያ ምክር ጉልበቱ እስኪደክም ድረስ ብቻ የሚያገለግል ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። አንድ ዓመት የሃይማኖት ትምህርት ተምሮ በ1925 ዓ.ም. ወደ ቻይና ሄደ፤ በተወለደባት ከተማ ሳይንስ ያስተምር ጀመር። በ1934 ዓ.ም. ፍሎረንስ ማኬንዚ የተባለች ካናዳዊት አገባ። በ1937 ዓ.ም. የቻይናና የጃፓን ጦርነት ሲነሣ ወንድሙ ሮበርት ሐኪም ሆኖ ወደሚሠራበት ወደ ሻውቻንግ ገጠር ተዛወረ። በ1941 ዓ.ም. ጦርነቱ እየከፋ ስለ ሄደ ሁለት ሴቶች ልጆቹንና ነፍሰ ጡር የነበረችውን ሚስቱን ወደ ካናዳ ሰደዳቸው። ሦስተኛይቱ ልጅ በካናዳ ተወለደች፤ አባቷ አላያትም።

ይህንን ሳላነሣ ባልፍ ንግግሬ ውዳሴ ብቻ ይሆንብኝ ነበር። እርሱ በሕፃንነቱ ያጣውን ነገር ልጆቹም አጡት። የአገልግሎቱን ዋጋ የከፈለ እርሱ ብቻ አይደለም፤ በሩቅ አገር ሦስት ሕፃናት ያሳደገችው ፍሎረንስም ከፍላለች። እርሷን ጀግና ብሎ ሐውልት ያቆመላት የለም። ቄስም ሆነ ሯጭ፥ አገልጋይም ሆነ ነጋዴ፥ ከቤቱ ሲወጣ የእርሱን ሥራ ደርባ የምትሠራ አንዲት ሴት በቤት መኖሯን ይወቅ።

በ1943 ዓ.ም. ጃፓኖች ኤሪክን ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጋራ ዌይሺየን በሚባል ሰፈር አገቱት። በዚያ ሰፈር ከቺፉ ትምህርት ቤት የመጡ ብዙ ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ሚሲዮናውያን ሆነው ከእነርሱ የተለዩ ናቸው። እርሱ በስድስት ዓመቱ የነበረውን ማለት ነው። ልጆቹ «አጎቴ ኤሪክ» ይሉት ነበር። መጽሐፍና የሳይንስ መሣሪያ ስላልነበረ የኬሚስትሪውን መሣሪያ በእጁ እየሣለ አስተማራቸው። ሆኪ የሚባለውን፥ የእኛን የገና ጨዋታ የሚመስለውን፥ በበትር የሚመታ ኳስ አጫወታቸው፤ የተሰበረውንም በትር በጨርቅ እያሰረ ይጠግን ነበር።

እሑድ ግን ጨዋታ አይመራም ነበር። ልጆቹ መታገት አሰልችቷቸው ነበርና በአንድ እሑድ ዳኛ ሳይኖራቸው ለብቻቸው ወጡ፤ ተጣልተውም ተደባደቡ። በሚቀጥለው እሑድ ያ በፓሪስ የዓለምን ክብር ስለ እሑድ የተወ ሰው ፊሽካውን ይዞ ከሜዳው ወረደና ዳኛ ሆነላቸው።

አንዳንዶች ይህንን እንደ መናወጥ ይቈጥሩታል። እኔ እንዲህ አላየውም። በፓሪስ የተወው የራሱን ክብር ነበር፤ በዌይሺየንም የተወው ራሱ የጠበቀውን ሥርዓት ነው፤ ይህንንም ያደረገው ለእርሱ ጥቅም ሳይሆን አባት ለሌላቸው ልጆች ሰላም ነው። የማርቆስ ወንጌል 2ኛው ምዕራፍ ስለ ሰንበትና ስለ ሰው የሚናገረውን ታውቃላችሁ። ለራሱ ሲሆን ሥርዓቱን ያጠበቀ፥ ለሕፃናት ሲሆን ያላላ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ የእኛ ልማድ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነውና፤ ለራሳችን እናላላለን፥ በልጆች ላይ እናጠብቃለን።

የካቲት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. በአእምሮው ላይ በወጣ እባጭ በዚያው በግዞት ሰፈር ሞተ። ዕድሜው 43 ዓመት ነበረ። በሞተበት ቀን ለሚስቱ ደብዳቤ ጽፎላታል። ሰፈሩ በነሐሴ ወር ነጻ ወጣ።

አሁን ወደ ጀመርሁት ነገር ልመለስና ለሽማግሌዎቻችን አንድ ልመና ላቅርብ። በሰፈራችን የልጆች ግጥሚያ እሑድ ጧት በቅዳሴ ሰዓት መደረጉ የታወቀ ነው። ልጁ ወይ ጓደኞቹን ይከዳል፥ ወይ ቤተ ክርስቲያኑን ይተዋል፤ ሁለቱንም ቢመርጥ ይወቀሳል። ይህንን ምርጫ በ14 ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ከመጫን ይልቅ ሽማግሌዎች ከቡድኖቹ አለቆች ጋራ ተቀምጠው ሰዓቱን ወደ ከሰዓት በኋላ ቢያዛውሩት ይቻላል፤ ሜዳው በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። ሰዓቱ ከተዛወረ ደግሞ ከካህናቱና ከአባቶች አንዳንዶቻችሁ ወርዳችሁ ብትመለከቱ፥ ይልቁንም ወላጆቻቸው በባዕድ አገር ያሉ ልጆች የሚጫወቱበትን ቀን ጠይቃችሁ ብትገኙ፥ ልጆቹ በጥሩ ሲጫወቱ ስማቸውን ጠርቶ የሚያመሰግናቸው ሰው ያገኛሉ። ዛሬም ከበዓሉ ማዕድ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ለመጫወት እንደ ተዘጋጁ ነግረውኛል፤ ዳኛ ግን አላገኙም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።